መልስ፦ ሼር ማድረግ ያስጠይቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «8,000 ተከታይ ባለው የፌስቡክ ገጼ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሼር ባደርግና ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እጠየቃለሁ?» ላልከው፦ አዎ፣ ልትጠየቅ ትችላለህ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ማሰራጨት» ከሚለው ትርጉም ያወጣው ላይክና ታግ ማድረግን ነው፤ ሼር ማድረግን ግን ከትርጉሙ አላወጣውም።

የተከታይ ብዛት የሚለውጠው ቅጣቱን ነው። የሐሰተኛ መረጃ መነሻ ቅጣት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ብዙ ሰው «5,000 ካልሞላሁ ሕጉ አይነካኝም» ይላል፤ ይህ አደገኛ ስህተት ነው።

ሆኖም ሐሰት መሆኑ ብቻውን ወንጀል አያደርገውም። ሐሰትነቱን ታውቅ እንደነበር ወይም ማወቅ ይገባህ እንደነበር፣ ደግሞም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሟች ቁጥርና የብሔር ስም ያለበትን ያልተጣራ ወሬ እባክህ አትለጥፍ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው በሕጉ ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ ማንን፣ መቼ እንደጠየቅክ ጻፍ፣ ዋናውን ጽሑፍም ከነቀኑና ከነሊንኩ ስክሪንሾት አንስተህ አስቀምጥ።