ከሱቅ የተገዛ ዕቃ እንዴት ጥበብ ይሆናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተለመደውን የጥበብ ደንብ ሊያፈርሱ ስለተነሱት፣ ዳዳ ስለሚባሉት ሠዓሊዎች ከጻፍኩ በኋላ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልመልስ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወንዶች መሽኛ አስቀምጦ «ጥበብ ነው» ማለት በሰው መቀለድ አይደለም?

ቀልድ አለበት፤ ግን የተቀለደው በተመልካቹ ላይ አይደለም። በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የሠዓሊዎች ማኅበር ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ስድስት ዶላር የከፈለ ሁሉ ሥራውን ያሳያል፣ ዳኛ የለም፣ ሽልማት የለም ተባለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ ከማኅበሩ ቦርድ አባላት አንዱ ነበር። ከቧንቧ ዕቃ ሻጭ መሽኛ ገዝቶ አጋደመው፣ «አር. መት 1917» ብሎ ፈረመበትና በዚያው የሐሰት ስም ላከው። ዳኛ የለም ያሉት ሰዎች ተሰብስበው አይታይም አሉ! ዱሻምፕም ከቦርዱ ለቀቀ። ዕቃው ራሱ በኋላ ጠፍቷል፤ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ያነሳው ፎቶ ግን አለ፣ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩትም ኋላ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። እኔ የምወድለት «ጥበብ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማነው?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ተራ ዕቃ ሁሉም ፊት ማውጣቱን ነው።

ሰው በጦርነት እያለቀ የዳዳ ሰዎች ካባሬ (ዘፈንና ትርዒት የሚታይበት የምሽት ቤት) መክፈታቸው ግዴለሽነት አይሆንም?

በፍጹም። ዳዳን የጀመሩት ሁጎ ባልና ኤሚ ሄኒንግስ ጦርነቱን ሸሽተው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ የገቡ ጀርመናውያን ናቸው። ካባሬ ቮልቴርን የከፈቱት በፌብሯሪ 1916 ነው። ባል በዚያው ዓመት በካርቶን ተጠቅልሎ፣ መራመድ ስላቃተው መድረክ ላይ ሰው ተሸክሞት፣ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እንደ ግጥም አነበበ። ጋዜጣው ሁሉ ጦርነቱን በሚያምሩ ቃላት ሲያሞግስ ቋንቋው ራሱ የተበላሸ መስሎት ነው። ይሄ ቁጣ እንጂ ግዴለሽነት አይደለም።

ሴቶች የሉበትም እንዴ? የምትጠሩት ሁሌ ወንድ ነው።

ትክክል ነው፣ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው፤ ምክንያቱም ጥበብን ከኑሮ ጋር ከምር ያቀላቀሉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የዳዳ ሠዓሊዋን ሐና ሆህን ውሰዱ። በርሊን ውስጥ ኡልሽታይን በሚባል ትልቅ አሳታሚ ቤት የጥልፍና የሹራብ ሥራ ንድፍ እያወጣች ደመወዝ ትበላ ነበር። ከመጽሔትና ከጋዜጣ ፎቶ እየቆረጠች፣ የፖለቲከኛውን ጭንቅላት ከዳንሰኛ ገላ፣ ከማሽን ጥርስ ጋር እያጣበቀች ሥራዎቿን ሠራች። በ1920ው የበርሊን የዳዳ ትርዒት እንዳትገባ የፈለጉት ደግሞ የራሷ ጓዶች ናቸው። ገባች እንጂ!

ከዳዳ ውጭም፣ ሞስኮ ላይ ሠዓሊዎቹ ሊዩቦቭ ፖፖቫና ቫርቫራ ስቴፓኖቫ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። በ1923 ገደማ ሸራውን ትተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡ። ክቡን፣ መስመሩን፣ ካሬውን በተራ የቀሚስ ጨርቅ ላይ አተሙት። ጨርቁ በሜትር ይሸጣል፣ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል፣ የሠዓሊዋን ስም ሰምታ የማታውቅ ሴት ለብሳው ሥራ ትሄዳለች። ለእኔ ከመሽኛው ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ሙዚየም አላስፈለገውማ።

እኔስ የቤቴን ወንበር ፈርሜ ጥበብ ልበለው?

ማን ይከለክልሃል? ግን ዱሻምፕ ራሱ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳይበዛ ቁጥሩን ይገድብ እንደነበር እወቅ። እኔን ካማከርክ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የኩርት ሽቪተርስን መንገድ ሞክር። ሃኖቨር ላይ የትራም ቲኬት፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ የተጣለ እንጨትና ሽቦ እየሰበሰበ በሚገርም ጥንቃቄ ያጣብቅ ነበር። የሳምንቱን ደረሰኝና የዕቃ መጠቅለያህን አትጣል፤ ሙጫና ወፍራም ወረቀት ካለህ ዛሬውኑ ትጀምራለህ።