የሬዚደንት ምርምር በምን ይለካል?

አዲስ አበባ ውስጥ በውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻሊቲ በመሠልጠን ላይ ያሉ ሐኪም (ሬዚደንት) እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «የታተሙልኝ ጽሑፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኤች-ኢንዴክሴም 1 ነው። አንድ ባልደረባዬ ግን ሲቪው ላይ አሥራ አራት ሥራ ዘርዝሯል። ስመረቅ አሜሪካ ለሬዚደንሲ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ከወዲሁ ተቀድሜያለሁ ማለት ነው?»

ዶክተር፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ነገር ስለሚለያይ እነሱን አስተያይተው ተስፋ አይቁረጡ። የአንድ ሰው ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚለካውን ኤች-ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። የአንድ ሰው አምስት ጽሑፎች 12፣ 7፣ 3፣ 1 እና 0 ጊዜ ተጠቅሰው ከሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ የተጠቀሱት ሦስቱ ስለሆኑ ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው። እርስዎ ሁለት ጽሑፍ ይዘው ከ2 ሊያልፉ አይችሉም፤ ጽሑፍ ታትሞ፣ ተነቦና በሌሎች ተጠቅሶ እስኪቆጠር ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ። በሥልጠና ላይ ላለ ሐኪም ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ትጋቱ ሳይሆን ስለ ጊዜ ማጠር ስለሆነ፣ ካልተጠየቁ በቀር ሲቪዎ ላይ አያስፍሩት።

የባልደረባዎ አሥራ አራትም ሲፈተሽ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካን የሬዚደንሲ ምደባ የሚያካሂደው ኤንአርኤምፒ በሪፖርቶቹ አብስትራክትን (የጥናት አጭር ማጠቃለያን)፣ ገለጻንና የታተመ ጽሑፍን በአንድነት ይደምራል፤ አንድ ጥናት በአብስትራክት፣ በፖስተር፣ ከዚያም በጆርናል ቢወጣ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አቆጣጠር ሥራን ሳይሆን ዝርዝርን ያበዛል ባይ ነኝ። ሆኖም አመልካቾች የሚታዩበት አንዱ መንገድ እርሱ ስለሆነ፣ በጉባኤ ያቀረቡት ነገር ካለ ሳይንቁ ያስመዝግቡ።

ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስከብርዎ ግን ድርሻዎ ነው። የጥናቱን ጥያቄ ያነሣው ማን ነበር? ከካርድ ክፍል የወጡትን የሕሙማን ካርዶች አገላብጦ መረጃውን የሞላው፣ ስሌቱን የሠራው፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈውስ? በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ይህን በአንድ መስመር ይጻፉ። ስምዎ በአክብሮት ብቻ የገባበት ጽሑፍ ካለ ይተዉት፤ ስለ ናሙናው አመራረጥ አንድ ጥያቄ ቢነሣ መልስ ያጣሉ።

ትልቁ ሀብትዎ የመመረቂያ ጥናትዎ ነው። ብዙ ሬዚደንቶች ተከላክለው ካለፉ በኋላ ጥራዙን ቤተ መጻሕፍት አስገብተው ይረሱታል። እርስዎ ግን ከመከላከያው ቀን በፊት የጸሐፊዎችን ቅደም ተከተል ከአማካሪዎ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን የፈቃድ ደብዳቤ በእጅዎ ይያዙ፤ የሚልኩበትን ጆርናል መርጠው በእርሱ መመሪያ መሠረት ያሳጥሩት። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል አንዱ አማራጭ ነው። በኢሜይል እያሞገሰ ክፍያ ከተፈጸመ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚያትም ቃል ለሚገባ ጆርናል ግን ረቂቅዎን አይስጡ፤ ስሙ ሲቪዎ ላይ ከታየ ሌሎቹንም ሥራዎችዎን ያስጠረጥራል።