ያልጫንኩት አፕ ስልኬ ላይ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። «ሳልነካው አፕ ይጫንብኛል» የምትሉኝ በዝታችኋል። ዛሬ አምጡት፣ ተራ በተራ እመልሳለሁ። ስልክ ጥገና ላይ ዓመታት ስለቆየሁ ብዙውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት በየት በኩል እንደገባ እወቁ። በሩ ክፍት ከሆነ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስልኬን ከገዛሁ ሁለት ወሬ ነው። የማላውቀው ጌም በየጊዜው ይጨመራል። አጠፋዋለሁ፣ ይመለሳል።

እህቴ፣ ጂሜሉን ማን ከፈተልሽ? ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። አንዳንዶቹ አንድ ጂሜል ይከፍቱና ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያንኑ ያስገባሉ። ፓስወርዱ እነሱ ጋ ይቀራል። የጂሜሉ ፓስወርድ ያለው ሰው ደግሞ በኮምፒውተር የፕሌይ ስቶርን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ስልክሽን ከዝርዝሩ መርጦ አፕ ሊጭንልሽ ይችላል። ስልክሽን መንካት አያስፈልገውም።

የአክስቴን ስልክ ያየሁ ቀን ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» የሚለውን ከፈትኩ። የማናውቀው ሰው ስም ያለበት ጂሜል ተቀምጧል። ስልክ ማውጫዋ ውስጥ ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች ቁጥር ሞልቷል። እሷ ሲሙ የተበላሸ መስሏት ነበር። የእሷም ቁጥሮች በዚያው ልክ ሌሎች ሰዎች ስልክ ላይ ገብተው ይሆናል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

አሁን የራስሽን ጂሜል ክፈቺ። ቁጥሮችሽን ወደዚያ ገልብጪ። ከዚያ የቆየውን ጂሜል ከአካውንትስ አውጪው። አደራ፣ እሱን ሳታወጪ በስልኩ የጎን ቁልፎች ሪሴት (ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር) እንዳታደርጊ። ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ጂሜል ፓስወርድ ይጠይቅሽና ደጅ ያስቀርሻል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «የሽልማት አፕ» ተብሎ የተላከልኝን ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ አፕ የሚጫንበት ፋይል) ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ብቻውን ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ወንድሜ፣ ማንበብህን አቁምና ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፋ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ባንክህ ጋ ደውለህ የሞባይል ባንኪንጉን አስዘጋ። ስልኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ገንዘብህ።

እሺ፣ አሁን ወደ ስልኩ። ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ክፈት። ይህ ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ይህን ፈቃድ ያገኘ አፕ ስክሪንህ ላይ ያለውን ያነባል፣ በአንተ ፈንታም ይነካል። ብቻውን የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የማታውቀው አፕ ካለ ፈቃዱን አጥፋበት። አፕ ስልኩን እንዲያስተዳድር የሚፈቀድበት «ዲቫይስ አድሚን» ውስጥም ተመልከት፣ እዚያ ከተመዘገበ አፑ አልጠፋም ይልሃል። እምቢ ካለህ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሳው። ያን ጊዜ ከውጭ የተጫኑ አፖች ስለማይሠሩ ታጠፋዋለህ። ፓስወርዶችህን በሌላ ስልክ ቀይር።

በሩን ስለመዝጋት፦ ከ2017ቱ አንድሮይድ 8 ጀምሮ «ከውጭ አፕ ይጫን» የሚለው ፈቃድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። ሴቲንግ ላይ ያለው መፈለጊያ ውስጥ «አንኖውን» ብለህ ፈልግ። ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ፋይል ማኔጀር፣ ዜንደር፣ የሁሉንም ፈቃድ አጥፋ። አንዴ ፈቅደህ የረሳኸው ነው እንዲህ የሚያስበላህ።

ጥያቄ፦ አፑ ሲጫን «ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ» ይለኛል። ላጥፋ?

በፍጹም። ፕሌይ ፕሮቴክት ጎጂ አፕ የሚፈትሽልህ የጉግል ጥበቃ ነው። ዘበኛህን ከበር አስነሳልኝ የሚል እንግዳ ቤት አይገባም።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ በስልኬ ጌም ሲጫወት ማስታወቂያ እየነካ አፕ ይጭናል። ስልኩን ልከልክለው?

መከልከል አያስፈልግም። ሴኩሪቲ ውስጥ «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒን» የሚል አለ። እሱን አብርተው ጌሙን ይቆልፉበት። ሲወጣ ፒን እንዲጠይቅም ያድርጉ። የራሱ ስልክ ሲኖረው ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበትን የጉግል አፕ፣ ፋሚሊ ሊንክን ይጠቀሙ፣ አፕ ሊጭን ሲል እርስዎን ያስፈቅዳል። አይፎን ከሆነ «ስክሪን ታይም» ውስጥ አፕ መጫንን መከልከል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነው። ስልኩን የሰጠችኝ አሠሪዬ ነች። ጂሜሉም የእነሱ ነው። አፕ ይጨመርበታል።

እህቴ፣ ጂሜሉ የእነሱ እስከሆነ ድረስ ስልኩን እንደ ራስሽ አትቁጠሪው። የባንክሽን ነገር፣ የፓስፖርትሽን ፎቶ፣ የቤተሰብ ምስጢር እዚያ ላይ አታስቀምጪ። ጂሜሉን በድንገት ማውጣትም ከሰዎቹ ጋር ሊያጣላሽ ስለሚችል አልመክርሽም። ስትችዪ ርካሽም ቢሆን የራስሽን ስልክ ግዢና በራስሽ ጂሜል ክፈቺው።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ሪሴት አድርጌዋለሁ። አፑ ይመለሳል። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። ሪሴት የሚያጸዳው አንተ የጨመርከውን ነው። ስልኩ ሲሠራ አብሮት የመጣውን አይነካም። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሴኪዩር-ዲ የተባለ የደኅንነት አገልግሎት ይፋ ያደረገው ጉዳይ እንዲህ ያለ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ የሚባል ቫይረስ ተገኘ። እሱ ደግሞ ኤክስ ሄልፐር የሚባለውን ሌላ ጎጂ አፕ ያወርድ ነበር። ሰው ሳያውቅ ክፍያ ወዳለው አገልግሎት ያስመዘግባል፣ ካርድ ይበላል። አምራቹ ትራንሽን ችግሩ የመጣው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ ድርጅት እንደሆነና ማስተካከያ እንዳወጣ ተናግሯል።

የአንተ ስልክ ይሄ ነው ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ አንብብና ጂሜሉን አረጋግጥ። ከዚያ አፕዴት ካለ ጫን። ካልሆነ ግን የአምራቹን ትክክለኛ ሶፍትዌር ፍላሽ ማድረግ (በኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን) ነው ያለው። የምታምነው ጥገና ቤት ሂድ፣ ሶፍትዌሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ስልክ እናጸዳለን፣ እናፈጥናለን የሚሉት «ክሊነር» እና «ራም ቡስተር» አፖች ይጠቅማሉ?

አጥፋቸው። በማስታወቂያ የተሞላ ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው።