«ሐሙስ ስብሰባውን አንተ ምራ»

ጥያቄ፦ የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ነው። ጀርመን ያለ ገዥ ከላክንለት ኮንቴይነር ውስጥ የሻገቱ ጆንያዎች ማግኘቱን ጽፎ ካሳ ጠይቋል። ሥራ አስኪያጁ ከአገር ውጭ ስለሆኑ ሐሙስ ጠዋት የሚደረገውን ስብሰባ እንድመራ አዝዘውኛል። የጥራት ክፍል ኃላፊው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ዕቃውን በጉምሩክና በወደብ የሚያሳልፈው ትራንዚተርና የሽያጭ ኃላፊው ይገኛሉ። እኔ ቡናን የማውቀው ሲኒ ላይ ነው። ምን ይዤ ልግባ?

መልስ፦ ቡና ለማጥናት አይቀመጡ። በሁለት ቀን የሚቃርሙት ዕውቀት ጥራት ክፍሉ ፊት አያቆምዎትም። ይባስ ብሎ ትንሽ ያወቀ ሰብሳቢ መፍረድ ያምረዋል፤ ስብሰባውም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በቅድሚያ ሥራ አስኪያጁን ከስብሰባው ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለገዥው የሚላክ መልስ ነው? ምክንያቱን ማጣራት ብቻ ነው? ቅናሽ መስጠት ቢያስፈልግ እስከ ስንት ድረስ፣ በማን ፊርማ? ይህ ሳይታወቅ የተጠራ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተወርቶበት «እሳቸው ሲመለሱ ይታይ» ተብሎ ይበተናል።

ከዚያ አራቱንም ለየብቻ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ያነጋግሩ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በእርስዎ በኩል ምን ሆነ? ይህን የሚያሳይ ምን ወረቀት አለ? ከሌሎቹ ጋር የማይስማሙበት ነገር ምንድን ነው? ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ጉባኤ ፊት በይሉኝታ የሚዋጠው ነገር ለብቻ ሲሆን ይወጣል። ያልገባዎትን ቃልም እዚያው ያስተርጉሙ።

ስለ ቡናው ይህን ያህል ካወቁ ይበቃዎታል። ለመላክ የተዘጋጀ ቡና እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው፤ ከ12.5 ካለፈ ለሻጋታ ይጋለጣል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ያህል ጆንያዎች ይጫኑበታል። ከጅቡቲ ሙቀት ወደ አውሮፓ ብርድ ሲገባ ከቡናው የወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ስብሰባውን ማንም ሊጠይቀው በሚችል ተራ ጥያቄ ይክፈቱት፦ «የሻገቱት ጆንያዎች ኮንቴይነሩ ውስጥ የት ጋ ነበሩ?»

ከላይ የተደረደሩት ብቻ ከሆኑ ጤዛው ይጠረጠራል። በር አካባቢ ወይም አንድ ጥግ ላይ ከሆኑ ኮንቴይነሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። የገባው የባሕር ውኃ መሆን አለመሆኑን መርማሪዎች ሲልቨር ናይትሬት በሚባል ኬሚካል ይለዩታል፤ ጨው ካለ ጠብታው ነጭ ወተት ይመስላል። በየቦታው ተበታትነው ከተገኙ ግን ቡናው ሲጫንም እርጥብ ነበር ወደሚለው ያመዝናል። እንግዲህ ገዥው ጭነቱ ሲራገፍ የተነሣ ፎቶ እንዲልክ ዛሬውኑ ያስጽፉ። ያለ ፎቶው አራት ሰው በግምት ሲሟገት ይውላል።

ሌላውን ደግሞ እያንዳንዱ ይዞ እንዲመጣ በጥሪው ላይ ይጻፉ፦ ጥራት ክፍሉ ቀን ያለበት የእርጥበት ልኬትና ከጭነቱ በፊት ያስቀረውን ናሙና፣ መጋዘኑ ሲጫን የተነሣውን ፎቶና የኮንቴይነር ፍተሻ ቅጹን፣ ትራንዚተሩ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ የቆየበትን ቀን፣ ሽያጭ ውሉን።

ዕለቱን «የቡና ባለሙያ አይደለሁም፤ የኔ ሥራ ይህን ውሳኔ ይዘን እንድንወጣ ማድረግ ነው» ይበሉ። አንዴ ብቻ! በየመሐሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰብሳቢ ወንበሩን ለሌላ ይሰጣል። ቀጥለው ሰሌዳ ላይ ከጭነቱ ቀን እስከ ቅሬታው ቀን ድረስ የሆነውን በተርታ ያስጽፉ። ክርክር ሳይጀመር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ክፍተቱም በዓይን ይታያል።

ሁለቱ ባለሙያዎች ሲፋጠጡ አይዳኙ። «ይህን የሚለየው የትኛው ወረቀት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ማን፣ መቼ እንደሚያመጣው ተመዝግቦ ይታለፍ። ሳይገባዎት «ገባኝ» አይበሉ፤ በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሯቸው። ቢሳሳቱ ባለሙያው ወዲያው ያርምዎታል፤ ሌሎቹም ለመጠየቅ የፈሩትን ማብራሪያ በእግረ መንገድ ያገኛሉ።

«ጥፋቱ የማነው» የሚለው ጨዋታ መነሣቱ አይቀርም። መጋዘኑ ትራንዚተሩን፣ ትራንዚተሩ መጋዘኑን። የሠራተኛ ጥፋት በሌላ ቀን ይታይ፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ኪሳራው በውሉ መሠረት የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሽያጩ በኤፍኦቢ፣ ማለትም ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ ጭኖ በሚያስረክብበት ውል ከሆነ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው አደጋ የገዥው ነው። ሲጫን እርጥብ ለነበረ ቡና ግን ይህ መከላከያ አይሆንም። የሽያጭ ኃላፊው አንቀጹን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት።

ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝ። እየጻፉ መምራት አይቻልም፤ ጭንቅላትዎ ወረቀቱ ላይ ሲያቀረቅር ጉባኤው ያመልጥዎታል። የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ የሚለው ሰው ሳይነሣ የሚነበብባቸው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ የጥራት ክፍል ኃላፊው በዕድሜም በማዕረግም ይበልጡኛል። እሳቸው ከተናገሩ ሌላው ዝም ይላል።

መልስ፦ ረቡዕ ቢሯቸው ድረስ ይሂዱና «ጋሼ፣ የእርስዎን አስተያየት ማሳረጊያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር» ይበሏቸው። ዕለቱን ከመጋዘን ኃላፊው ይጀምሩ። ድንገት ቢገቡበትም «እመለስብዎታለሁ» ብለው ጥያቄውን መጀመሪያ ወደጠየቁት ሰው ይመልሱት።