ዱፉ፣ ካራቡው እና ኦርጋኑ

ጥያቄ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳቢያን ባለው ቤታችን ኒካሄ (የጋብቻ ውሌ) ይታሰራል፤ ወሊማውም (የሰርግ ግብዣው) በዚያው ቀን በደጃችን በሚጣለው ድንኳን ነው። አባታችን በሕይወት የሉም፣ የአባታችን አባትም አልፈዋል። ስለዚህ ወሊዬ፣ ማለትም የሚድረኝ ኃላፊ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ያልተስማማነው በዘፈኑ ጉዳይ ነው። የእናቴ ዘመዶች የሐረር ጀጎል ሰዎች ናቸው፤ የዚክሪ (የሃይማኖታዊ ውዳሴ ዜማ) ቡድን ከነካራቡው (ከበሮው) እና ከነከበሉ (እየተማቱ ከሚጮሁት እንጨቶች) ጋር ይዘን እንወርዳለን ብለዋል። የሙሽራው ጓደኞች ኦርጋን ተጫዋችና ድምፃዊ ተዋውለው ቀብድ ከፍለዋል። የእኔ ጓደኞች ደግሞ በዱፍ (በእጅ በሚመታው ክብ ከበሮ) ሊያሞግሱኝ ሲለማመዱ ከርመዋል። ወንድሜ ሦስቱንም በአንድ ቃል ሀራም ብሎ ዘጋው። «መዓዚፍ ክልክል መሆኑ በቡኻሪ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሚደረግበት ቤት ቁጭ ብዬ ኒካህ አላስርም» አለኝ። የሙሽራው ወገን «ዘፈን የሌለበት ሰርግ ለቅሶ ነው፣ ሃይማኖት ይህን አይከለክልም» ይላሉ። እናቴ መሃል ገብታ እንቅልፍ አጥታለች።

የቱ ነው በእርግጥ የተከለከለው? የቱስ ነው ዑለማዎች የተለያዩበት? ኦርጋን ካለ ኒካሁ ይበላሻል? የእናቴን ዘመዶች ዚክሪውን ተዉ ልበላቸው? ወንድሜ ቅር ሳይለው እንዲቀመጥ ፕሮግራሙን እንዴት ላውጣው? እባክዎ «ተስማሙ» ብለው አይለፉኝ፤ ዝርዝሩን ይንገሩኝ።

ሙሽሪት ነኝ፣ ከድሬ

መልስ

ወዐለይኪ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ እህቴ። አላህ ጋብቻሽን ያሳምርልሽ።

ቀላሉን እናስቀድም፤ ኒካሁ አይበላሽም። በአገራችን ምሥራቅ በምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ኒካህ የሚቆመው በሙሽራው፣ በሙሽሪት፣ በወሊ፣ በሁለት ምስክሮች እንዲሁም «ዳርኩህ፣ ተቀበልኩ» በሚለው ቃል ነው። ማታ ድንኳኑ ውስጥ የሚሠራ ስህተት ካለ ወንጀሉ ለብቻው ይጻፋል እንጂ ቀን የታሰረውን አይፈታም። ወንድምሽም ጋብቻሽን አልተቃወመም፣ ዝግጅቱን ነው የተቃወመው። ይህን ልዩነት ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ግማሹ ጭንቀቷ ይቀልላታል።

ወንድምሽ የጠቀሰው ሐዲስ የአቡ ማሊክ አል-አሽዐሪ ነው። ዝሙትን፣ ሐርን፣ አስካሪ መጠጥንና መዓዚፍን ሀላል የሚያደርጉ ሰዎች ከኡመታቸው እንደሚመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረውበታል። ቡኻሪ ያገኙት ከሂሻም ኢብን ዐማር ሲሆን «ነገረን» ሳይሆን «አለ» ብለው ስለጻፉት ኢብን ሐዝም ሰነዱ (የዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ተቆርጧል ብለው አልተቀበሉትም። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ግን ሳይቆረጥ የተያያዘባቸውን መንገዶች ሰብስበው አሳይተዋል፤ አብዛኛው የሐዲስ ሊቅም ተቀብሎታል። መዓዚፍ የሙዚቃ መሣሪያ ማለት ነው። በክርና በትንፋሽ መሣሪያ ላይ የአራቱ መዝሀቦች አብዛኛው አቋም ክልከላ የሆነውም ስለዚህ ነው። ኢብን ሐዝም ፈቅደዋል፤ ከቅርብ ዘመን ዑለማዎችም ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። ወንድምሽ እንግዲህ ከኪሱ አላወጣውም፤ ብዙኃኑ የቆሙበት ላይ ነው የቆመው። ይህን ፊት ለፊት መስክሪለት። የሙሽራው ጓደኞችም «ሃይማኖት አይከለክልም» ማለታቸውን ይተዉት፤ ጉዳዩ እንደዚያ ቀላል አይደለም።

የወንድምሽ ችግር ዱፉን ከኦርጋኑ ጋር አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። ዱፍ በሰርግ ላይ የራሱ ማስረጃ አለው፣ ያውም ከዚያው ከቡኻሪ። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ በተዳረችበት ቀን ልጃገረዶች ዱፍ እየመቱ በበድር የወደቁትን አባቶቻቸውን ሲያነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እዚያው ተቀምጠው ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንዲት ሴት ለአንድ አንሷሪ (የመዲና ሰው) በዳረች ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጨዋታ አልነበራችሁም ወይ፣ አንሷሮች ጨዋታ ይወዳሉ ብለዋታል። ቲርሚዚ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ደግሞ በሀላልና በሀራም መካከል መለያው ዱፍና ድምፅ መሆኑ ተነግሯል። ዝሙት ይደበቃል፣ ኒካህ ግን ይታወጃል፤ ዱፉ አዋጁ ነው። አጠቃላይ ክልከላ በልዩ ማስረጃ እንደሚጠብብ ወንድምሽ ራሱ የተማረው ነገር ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ የሚከራከርሽ አይመስለኝም። እኔ እንደማየው ዱፉን ማስቀረት ጥንቃቄ አይባልም፤ የተወደደን ነገር መተው ነው።

አሁን መሣሪያ በመሣሪያ እንለየው። ኢማም ነወዊ (በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) የሻፊዒዎች መመሪያ በሆነው «ሚንሃጅ» ውስጥ ይህን ያስቀመጡት በምስክርነት ምዕራፍ ነው። የማን ምስክርነት እንደሚወድቅ ሲዘረዝሩ ነው የመጣው። ዱፍ ለሰርግና ለግርዛት ይፈቀዳል፤ በትክክለኛው አቋም ለሌላም ደስታ ይፈቀዳል፣ ቃጭል ቢኖረው እንኳ። የጠጪዎች መለያ የሆኑት፣ የክር መሣሪያዎቹ ጡንቡርና ዑድ፣ የነሐስ መምቻው ሰንጅ እንዲሁም የዒራቅ ዋሽንት ክልክል ናቸው። በእረኛ ዋሽንት ላይ ሌላው የመዝሀቡ ሊቅ ራፊዒ ፈቃጅ ሲሆኑ ነወዊ ራሳቸው ከልክለዋል። ከከበሮ በስም የተከለከለው ኩባ ነው፤ ወገቡ የቀጠነ፣ ሁለት አፍ ያለው ከበሮ። ያለ መሣሪያ መዝፈን ደግሞ መክሩህ (የተጠላ) ነው፣ ሀራም አይደለም። ይህን ገጽ ለወንድምሽ በዐረብኛው አስከፍቺው፤ ከእኔ ቃል ይልቅ ኪታቡ ያሳምነዋል።

ካራቡው እንግዲህ የት ይገባል? ኩባ አይደለም፤ ወገቡ የቀጠነ አይደለምና። ኢማም ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ከኩባ በቀር ሌላውን ከበሮ ይፈቅዳሉ፤ የሐጅ ተጓዦችንና የዘማቾችን ከበሮ በምሳሌ ያነሳሉ። በዚህ መንገድ የእናትሽ ዘመዶች በመዝሀባቸው ውስጥ መቆሚያ አላቸው። ከበሉ ትንሽ ይከብዳል። ከእንጨት ስለሆነ ሰንጅ አይባልም፣ ሰንጅ የነሐስ ነውና፤ ነገር ግን ዑለማዎች በበትር መምታትን ጭምር መክሩህ ነው፣ ሀራም ነው ተባብለው ተከራክረውበታል። ከበሉን ለአንድ ሌሊት ሐረር ትተውት ቢወርዱ ዚክሪው የሚጎድልበት ጥቂት ነው፤ ምቱን ካራቡውና ጭብጨባው ይይዙታል። ዚክሪ በወንዶች እጅ መመታቱን ወንድምሽ ካነሳ፣ ሐንበሊዎች ዱፍን ለሴቶች ብቻ ያደርጉታል። ከሻፊዒዎች ሱብኪ ግን አብዛኛው ዑለማ በወንድና በሴት መካከል አልለየም ብለዋል። አንዳንድ ዘመዶችሽ «ሸዋል ዒድን ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ዚክሪያችን ዓለም ያወቀው ነው» እንደሚሉ እገምታለሁ። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል፤ በከተማዋም ልንኮራ ይገባል። ቅርስነት ግን በሸሪዓ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፤ ለወንድምሽ በዚህ አትከራከሪው፣ ያስቆጣዋል እንጂ አያሳምነውም።

ከመሣሪያው ይበልጥ እንድትጨነቂበት የምፈልገው ግጥሙ ነው። በሩበይዕ ሰርግ አንዷ ልጅ «በመካከላችን ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ነቢይ አለ» ስትል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ተይ፣ ቀድሞ የምትይውን በይ አሏት። ዱፉን አላስቆሙም፣ ጨዋታውንም አልበተኑም፤ አንዲቱን ስንኝ ብቻ አወጡ። እኛ የምንሠራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለ ከበሮው እንጣላለን፣ የሚባለውን የሚሰማ የለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጓደኞችሽ የሚሉትን ሁሉ በወረቀት ይጻፉት። የሴት አካል የሚያወድስ፣ የሌላውን ጎሳ ወይም ሰፈር የሚያንቋሽሽ፣ ፍቅርን ከኒካህ ውጭ የሚያስናፍቅ ስንኝ ካለ ይውጣ። በሙገሳ ማጋነን የተለመደ ነው፤ «እንደሷ አልተፈጠረም» የሚለውን በዱዓ ለውጡት። ዚክሪው በአብዛኛው የነቢዩ ውዳሴና ሰለዋት ነው፤ በሐረሪ፣ በዐረብኛም በኦሮምኛም ይባላል። አንዳንዱ ግጥም ግን ወሊዮችን (ያለፉ ቅዱሳን ሰዎችን) እየጠራ ጉዳይ ይለምናል፣ ወንድምሽንም ከካራቡው በላይ የሚያስነሳው ይህ ነው። አጎትሽ ወይም ሌላ በዕድሜ የገፋ ዘመድ የዚክሪውን መሪ አስቀድሞ ያነጋግረው፤ ለዚያ ምሽት የሰለዋቱን ብቻ ይምረጥ። አንቺ በስልክ አትንገሪው፤ ከሙሽሪት አፍ ሲሰማ ትእዛዝ ይመስላል፣ ቅሬታም ያመጣል።

ኦርጋኑን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይቅር። የዑድንና የዋሽንትን ድምፅ ነው በኤሌክትሪክ የሚያወጣው፤ ቁልፍ በመጫን ስለወጣ ድምፁ ሌላ አይሆንም። የፈቀዱት ዑለማዎች ያስቀመጧቸው ቅድመ ሁኔታዎችም በሰርግ ድንኳን አይሟሉም፤ ወንድና ሴት ተደባልቆ ይጨፈራል፣ ዘፈኑን የሚመርጠው ድምፃዊው ነው፣ ሶላት ያልፋል። ከሁሉም በላይ ወሊሽን ያርቃል። ወሊማ ሲጠሩ መሄድ በሻፊዒ ግዴታ ነው፤ ግን ልታስቀሪው የማትችይው መጥፎ ነገር ካለበት ግዴታው ይነሳል። ወንድምሽ አልመጣም ቢል ሊወቀስ አይችልም ማለት ነው።

ቀብዱ እንዳይባክን መላ አለ። ኦርጋን ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከር፣ ሚክሰርና ማይክ የራሱ ነው። የሙሽራው ሚዜ ሄዶ ውሉን ወደ ድምፅ ማጉያ ኪራይ ብቻ ያዙረው፤ «ኦርጋኑ አይመጣም፣ የተቀዳ ሙዚቃም አይከፈትም» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ይግባ። ካልተጻፈ ባለሙያው ክፍተት ሲያይ ፍላሽ ሰክቶ ይለቃል፤ ሰርጎች የሚበላሹት እንዲህ ነው። ዚክሪ የሚል ሰው አፉ ላይ አንድ ማይክ፣ ለተቀባዮቹ ሌላ አንድ ይበቃል። ለካራቡው ማይክ አታድርጉለት፤ ከማይኩ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ አለዚያ ግጥሙ ይዋጣል፣ የቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ማስተጋቢያውንም ዝቅ ያድርጉት።

የጓደኞችሽ ጨዋታ ከድንኳኑ ይውጣና ግቢው ውስጥ ሴቶች በተቀመጡበት ይሁን፣ ያለ ማጉያ። የሴት ድምፅ በሻፊዒ ትክክለኛ አቋም ዐውራ (መሸፈን ያለበት) አይደለም፤ ሆኖም የምታዜም ሴት ድምፅ በስፒከር መንደሩን ሲሞላ ፊትና (ፈተና) የሚፈራበት ነገር ይሆናል፣ ገዛሊም ከጠቀሷቸው አምስት ከልካይ ምክንያቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። አራት ወይም አምስት ዱፍ ለግቢ ይበቃል። ኢማም ነወዊ ቃጭል ያለውን ቢፈቅዱም እናንተ ቃጭል የሌለውን ያዙ፤ ወንድምሽ የሚይዘው ሰበብ አይኑር። ዱፎቹ ከሐረር የሚመጡ ከሆነ ወደ ድሬ ሙቀት ሲወርዱ ቆዳቸው ይወጠራል፣ ድምፃቸው ይቀጥናል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከዋሉ ሊሰነጠቁም ይችላሉ። በጨርቅ ተጠቅልለው ጥላ ውስጥ ይዋሉ። ቆዳው ከረገበ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይበቃዋል፤ እሳት ላይ አትያዙት። ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ። አንዲት ልጅ የቀረጸችው በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ግቢ ለግቢ መለየታችሁ ዋጋ የለውም።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጊው። ኒካሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ይታሰር፤ በዚያ ሰዓት ዱፍም ካራቡም አይኑር፣ ቁርኣንና ኹጥባ ብቻ። ወንድምሽ ቁጭ ብሎ ሲያስር ጆሮው የሚያውከው ነገር አይኖርም። ምግቡ ወዲያው ይቅረብ፣ መግሪብ ሳይደርስ ይነሳ። በመግሪብና በዒሻ መካከል ምንም አታስገቡ፤ ጊዜው አጭር ነው፣ የተጀመረ ጨዋታ አዛን ቢሰማም አይቆምም። ዒሻ በጀማዓ ከተሰገደ በኋላ ዚክሪው በድንኳኑ፣ ዱፉ በግቢው ይጀመር፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይብቃ፣ ጎረቤት የታመመም የሚያጠናም አለው። ማይኩን የሚያጠፋ አንድ ሰው አሁኑኑ ሰይሙ። ከሙሽራው ጓደኞች አንዱ ቢሆን ይሻላል፤ ኃላፊነት ሲሰጠው አኩራፊነቱን ይተዋል።

ወንድምሽን ስታነጋግሪው ሁሉንም ባንዴ አትደርድሪበት። በመጀመሪያ ኦርጋኑ መቅረቱን ንገሪው፤ ያሸነፈበት ነው፣ ይለዝባል። ቀጥሎ የሩበይዕን ሐዲስ አንሺለትና ስለ ዱፉ ጠይቂው። ካራቡውን በመጨረሻ አምጪው፣ ያውም የሚንሃጁን ገጽ ይዘሽ። በካራቡው ላይ አሁንም ልቡ እምቢ ካለው፣ ከኒካሁና ከምግቡ በኋላ ተነስቶ መሄድ መብቱ ነው፤ እናትሽ ይህን አስቀድማ ትወቅና ሲነሳ በሰው ፊት «ወዴት?» እንዳትለው።