የሚያንጠባጥበውን የኩሽና ቧንቧ ራሴ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ የሲንካችን ቧንቧ ሥሩ ላይ ያንጠባጥባል። ባለሙያ ሳልጠራ ብቀይረው ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በደንብ ይሆናል እህቴ! መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጊ፣ ታንከር ካላችሁ የሱንም። ውሃ ጠፍቷል ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ሥራ መሃል ላይ ከች ይልና ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ አስወጪና አሮጌውን ፍቺ። ሱቅ ስትሄጂ ያዢው፤ ብዙው 1/2 ኢንች ቢሆንም አስተያይቶ መግዛት ይሻላል።

ቴፍሎኑን (ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል) አዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሚው፣ በተቃራኒው ከሆነ ስታስገቢው እየተላቀቀ ይወጣና ማንጠባጠቡ ይቀጥላል። የፍሌክሲብሉ (የተጣጣፊው የውሃ ቱቦ) ማሰሪያ ግን ውስጡ ጎማ ስላለው ቴፍሎን አይፈልግም። በእጅሽ አጥብቂው፣ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሪ።

አሮጌው ዝጎ አልፈታ ካለ ግን እባክሽ አትታገይው። ግድግዳው ውስጥ ሊሰበር ይችላል፤ ያኔ ባለሙያ ጥሪ።