ጾሙን ጨረስኩ፣ ጌሙ ግን ጠበቀኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ 24 ዓመቴ ነው። ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በስልኬ ጌም እጫወታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነኝ። ለቅዳሴ መነሳት አቅቶኛል፣ ሥራም አረፍዳለሁ። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ አልነካሁም ነበር። በፋሲካ ማግስት ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ከዚያ በገብርኤል ምዬ፣ ሳምንት ሳይሞላ አፈረስኩ። አንዱ ጓደኛዬ መንፈስ ነው፣ ጸበል ግባ ይለኛል። ሌላው ዶፓሚን ነው፣ ኃጢአት የለውም ይላል። የቱ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ እኛ ሰፈር ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ልገሥጽ የመጣሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀነሱ። ከዚያ አንዱ "መምህር፣ ይሞክራሉ?" ብሎ ጆይስቲኩን ሰጠኝ። 6 ለ 0 ተሸነፍኩ። ሕጉ ተሸናፊ ከፋይ ነውና ከፈልኩ። ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። የገረመኝ ግን ጥግ ላይ ያለው ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ ተሸንፎ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ "የመጨረሻ አንድ" እያለ ኪሱን ይዳብሳል። ደስታው ካለቀ ቆይቷል። ፍላጎቱ ግን እንዳለ ነው።

አንጎላችን የሚያመነጨውን ዶፓሚን ሰዉ "የደስታ ኬሚካል" ይለዋል። አንጎልን የሚያጠኑ ሰዎች ግን ከደስታው ይልቅ ከመፈለጉ ጋር ያያይዙታል። "ሂድ፣ አምጣ፣ ድገም" የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ማስደሰቱን ካቆመ በኋላም መፈለጉን ሊቀጥል ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 7 ላይ የማልወደውን አደርጋለሁ ብሎ ሲያዝን፣ እኔ ያንን ኪሱን የሚዳብስ ልጅ አየዋለሁ።

ጌም ይህን መቀስቀስ ተክኖበታል። በፈረንጆቹ 1998 ለንደን ውስጥ 8 ወንዶች ታንክ የሚነዳበት ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው በመሣሪያ ታይቶ፣ ዶፓሚን ሲለቀቅ ተገኝቷል። ያ እንግዲህ የድሮ ጌም ነው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ አይነግሩህም። አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በሃያኛው። አንጎል ደግሞ ያልጠበቀው ሲመጣለት ነው ይበልጥ የሚነቃው። ቁማርም ሰውን የሚይዘው በዚሁ ነው። ስልክህ ላይ በብር የሚከፈት የዕጣ ሣጥን ካለ ዛሬውኑ ተወው። እዚህ ላይ አልደራደርህም።

እናም "ዶፓሚን ነው" ያለህ ጓደኛህ አልተሳሳተም። "ስለዚህ ኃጢአት የለውም" ሲል ነው የሳተው። ረሃብም ተፈጥሮ ነው፣ ሆዳምነት ግን ኃጢአት ነው። ዶፓሚንን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። በፓርኪንሰን በሽታ የሚሞቱት ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ናቸው፤ ሕመምተኛው አንድ እርምጃ መራመድ እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ "ዶፓሚንን ከሰውነትህ አጽዳ" የሚሉህን የቲክቶክ ሊቃውንት አትስማ።

መንፈስ ነው ያለህስ? ጠላት ያገኘውን በር አይንቅም። ግን ስልኩን ትራስ ሥር ያስቀመጠው ማን ነው? ጸበሉን ግባ፣ መልካም ነው። ስልክህን ይዘህ አትሂድ እንጂ።

መጫወት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው "ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንብኝም" ይላል። ያንተ ሠልጥኖብሃል።

55 ቀኑ ላይ ልቆይ። እንደ እስረኛ ቀን ስትቆጥር የከረምክ ይመስለኛል። ጌታ በማቴዎስ 12 የነገረንን ታስታውሳለህ? ርኩስ መንፈስ ከሰው ወጥቶ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ፣ ግን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሰባት ጨምሮ ይገባበታል። አንተም ጠረግህና ባዶ ተውከው። ከምሽቱ ሦስት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ስድስት ሰዓት ነው። በጾሙ ወቅት በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር? "ፊልም አያለሁ" እንዳትለኝ።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳሉ ልባቸው ታክቶት ነበር። መልአክ ታያቸው፤ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይታታል። "እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ" አላቸው። ጸሎት ብቻ አላላቸውም፤ ለእጃቸውም ሥራ ሰጣቸው። አንተም ስልክህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሌላ ክፍል ይደር፤ ቤተሰብ ጋ ከሆንክ ለእናትህ ስጣት። "ለአላርም ነው" የምትል ከሆነ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርስ። ከዚያ እጅህ የሚይዘው ነገር ይኑር፦ በገና ተማር፣ የተበላሸ ነገር ጠግን፣ ሽንኩርትም ቢሆን ላጥ። ቅዳሜን ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አሳልፍ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉ ነገር አልጫ ይሆንብሃል። አትደንግጥ፣ ጣዕሙ ይመለሳል፤ ግን ቀስ እያለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ የጌም ሱስን አካቷል። መቆጣጠር ማቃት፣ ከሁሉ ማስቀደም፣ እየጎዳም መቀጠል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር። ዓመት ካለፈህ ሐኪምም አማክር። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ማበድ አይደለም፣ ጸበሉንም አይሽረውም።

የቀረኝ መሐላው ነው። ጌታ "ከቶ አትማሉ" ብሏል። ደግመህ እንዳትምል፤ አንዱን ሽንፈት ሁለት ነው የሚያደርገው። አሁን ጌሙ አንሶህ የገብርኤልን ደጅ ፈርተሃል። እሁድ የሚያስቀርህም እንቅልፍ ብቻ አይመስለኝም። ለዚህ ቀኖና የሚሰጡህ እኔ ሳልሆን ንስሐ አባትህ ናቸው። በዚህ ሳምንት አግኛቸው። ምዬ አፈረስኩ በላቸው፤ ስንት ሰዓት እንደምትጫወትም ሳትቀንስ ንገራቸው። "ትንሽ ጌም እጫወታለሁ" ካልካቸው ገበጣ መስሏቸው ያልፉሃል።